ድምፁን ዝጊና እዪው

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ አባቴ 74 ዓመቱ ነው። ጡረታ ከወጣ በኋላ ቤት ውሎ ይሰለቸዋል። በወጣትነቱ ፒያሳ ሲኒማ ኢትዮጵያና ሲኒማ ኢምፓየር ይገባ እንደነበር ሁሌ ያወራል። አንድ የማይረሳው ፊልም አለ፣ ስሙን ግን አያውቀውም። ‹አንድ ድሃ ሰውዬ ነው፣ ዓይነ ስውር አበባ ሻጭ ይወዳል› ይለኛል። እንግሊዝኛ ብዙ አይገባውም። ከታች የሚጻፈውን እንዳያነብ ደግሞ ዓይኑ ደክሟል። እኔ የድሮ ፊልም ስከፍት በአስር ደቂቃ እንቅልፍ ይወስደኛል። ቅዳሜ ማታ አብረን የምናያቸው፣ ከየዓይነቱ ጥቂት ይንገሩኝ። ታዋቂ ስለሆኑ ሳይሆን እርስዎ ራስዎ የሚወዷቸውን።»

እህት ዓለም፣ መጀመሪያ የአባትሽን ፊልም እንገላገል። «ሲቲ ላይትስ» ይባላል፣ የከተማ መብራቶች እንደማለት ነው። የቻርሊ ቻፕሊን ነው፣ የ1931 እ.ኤ.አ. ሥራ። ከዚህ በታች የፊልሞቹን ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።

ወደ እሱ እመለሳለሁ። ከዚያ በፊት ግን የምመርጥበትን መንገድ ልንገርሽ፤ ያንቺ ጥያቄ ለእኔ የድሮ ጥያቄ ነው።

ሥራዬ ኤዲቲንግ ነው፤ ፊልም እቆርጣለሁ፣ እቀጥላለሁ። ከዚያ በፊት ግን፣ በእኛ አቆጣጠር በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ አክስቴ ጋ እየኖርኩ ፒያሳ አንድ ሲኒማ ቤት ማሽን ክፍል ውስጥ ረዳት ነበርኩ። ሁለት ማሽን ነበረን። አንዱ ጥቅል ሃያ ደቂቃ ገደማ ይሄዳል፣ ሊያልቅ ሲል ሁለተኛው ይቀበላል። መቼ እንደምንቀይር የምናውቀው ስክሪኑ ቀኝ ጫፍ ላይ ብልጭ በምትል ትንሽ ነጥብ ነው። ነጥቧ ካመለጠችሽ ስክሪኑ ባዶ ይሆናል። ያኔ ከታች የሚመጣውን ፉጨትና ስድብ አትጠይቂኝ።

ማሽኑ ይንጫጫል። የምናይባት መስኮት ከደብተር አትበልጥም። ተዋናዮቹ የሚሉትን አልሰማም ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ፊልም ያየሁት ጆሮውን እንደደፈነ ሰው ነው። ታች ላለው ታዳሚስ ምን ልዩነት ነበረው? የህንድ ፊልም ሲታይ ህንድኛ የሚችል በአዳራሹ ውስጥ ማን ነበር? ግን ሰው ማልቀስ ያለበት ቦታ ያለቅሳል፣ ማፏጨት ያለበት ቦታ ያፏጫል። «አክተሩ» ማን እንደሆነ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ይለያል።

ስለዚህ ፈተናዬ ይህ ነው። ፊልሙን ክፈቺ፣ ድምፁን ዝጊ፣ አስር ደቂቃ እዪ። ታሪኩ ከገባሽ ለአባትሽ ይሆናል። እንቅልፍሽንም የሚያባርረው እሱ ነው፤ በዓይን የሚነገር ፊልም ስልክ እየነካኩ አይታይም። (ልጆቼንም እንዲህ ነው የምላቸው። አይሰሙኝም።)

እንግዲህ ወደ «ሲቲ ላይትስ»። ፊልም መናገር ከጀመረ ከሦስት ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ቻፕሊን ግን እምቢ አለ። ሙዚቃውን ራሱ ደርሶ አስገባ፣ ንግግር ግን የለም። መጀመሪያ ላይ ሐውልት የሚመርቁ ትልልቅ ሰዎች ንግግር ያደርጋሉ፣ የሚሰማው ግን ጥሩምባ የመሰለ ጩኸት ብቻ ነው። ምረቃ ላይ ቆሞ ፀሐይ የመታው ሰው ይስቃል።

ከዚያ አበባ ሻጯ ትመጣለች። ልጅቷ ዓይነ ስውር ናት፣ ቻርሊ ደግሞ ማደሪያ የሌለው ድሃ። ሀብታም ነው ብላ እንድታስብ እንዴት ይደረግ? ሰውየው አይናገርም፣ እሷ አታይም። ቻፕሊን እዚህች ላይ ብዙ ተጨንቋል፣ ደጋግሞ ቀርጿል። መልሱ የመኪና በር ነው። ቻርሊ ትራፊክ ፖሊሱን ሲሸሽ በቆመ ሊሞዚን ውስጥ ገብቶ በሌላኛው በር ይወጣል። በሩ ይዘጋል። ልጅቷ ቀና ትልና አበባ ትዘረጋለታለች። የበሩን ድምፅ የምንሰማው በልጅቷ ፊት ነው። አርባ ዓመት ሊጠጋኝ ነው ፊልም ስቆርጥ፣ እንዲህ ያለች ነገር አንዴ እንኳ በሠራሁ ብዬ እቀናለሁ።

እንከን አለው? አለው። ሲሰክር ወዳጅ፣ ሲነቃ ባዳ የሚሆነው ሀብታም ነገር ትንሽ ይደጋገማል። የቦክስ ግጥሚያው ግን ይክሰዋል፤ አባትሽ እዚያ ላይ ካልሳቁ ሐኪም ዘንድ ውሰጃቸው። መጨረሻውን ያስታውሱት ይሆናል። አስቀድመው እንዳይነግሩሽ አደራ። አንድ ነገር ብቻ ልበልሽ፦ እዚያ ስትደርሺ የልጅቷንና የቻርሊን ፊት ከማየትሽ በፊት እጃቸውን እዪ። ባለቤቴ ያቺ ቦታ ስትቃረብ «ሽንኩርት ልክተፍ» ብላ ትነሳለች።

ሁለተኛው ቅዳሜ «የብስክሌት ሌቦች» ይሁን። ቪቶሪዮ ዴ ሲካ፣ 1948። ጣሊያንኛ ነው፣ ግድ የለም። ከጦርነቱ በኋላ ሮም ውስጥ አንድ ሥራ አጥ ሰው ሥራ ያገኛል። ፖስተር መለጠፍ። ሥራው ግን ብስክሌት ላለው ነው፣ የእሱ ብስክሌት መያዣ ተይዟል። ሚስቱ አንሶላዎቹን ከአልጋው ትገፍፍና ተሸክማ ትወጣለች። መያዣ የሚቀበለው ቤት ውስጥ ያለውን ነገር ልብ ብለሽ እዪልኝ። ሠራተኛው የእነሱን አንሶላ ይዞ መደርደሪያው ላይ መውጣት ይጀምራል። ይወጣል። ይወጣል። ካሜራው ተከትሎት ቀና ይላል፤ እስከ ላይ ድረስ የሰው አንሶላ ነው። ስንት ቤተሰብ ያለ አንሶላ እንደሚተኛ ማንም አልነገረሽም፣ ቆጥረሽ አወቅሽው።

ከዚያ ብስክሌቱ ይሰረቃል። በመጀመሪያው የሥራ ቀን። አባትና ልጅ ፍለጋ ይወጣሉ። የት መሰለሽ? ፒያሳ ቪቶሪዮ፣ ገበያው ውስጥ። ጎማው ለብቻ፣ ደወሉ ለብቻ፣ ፍሬሙ ለብቻ ተደርድሮ ይሸጣል። የእኛን ከተማ አያስታውስሽም? እኔ አንዴ ስፖኪዮ ተሰርቄ፣ በማግስቱ መለዋወጫ ተራ ሄጄ የገዛሁት የራሴን ነው። ጥጉ ላይ የነበረችው ጭረት ሳትቀር ነበረች። ተከራክሬ ሃምሳ ብር አስቀነስኩ፣ ቤት ገብቼም ለባለቤቴ በኩራት ነገርኳት።

ሰውየውን የሠራው ላምቤርቶ ማጆራኒ ተዋናይ አልነበረም፣ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ልጁም እንዲሁ ትወና ሠርቶ የማያውቅ ነው። አካሄዳቸውን እዪ። አባትየው በረጅም እግሩ ይራመዳል፣ ልጁ እየሮጠ ይደርስበታል፣ ቀና ብሎ ፊቱን ያያል፣ እንደገና ይሮጣል። ፊልሙ ከሞላ ጎደል ይኸው ነው። መጨረሻው ይከብዳል። ሲያልቅ መብራቱን ቶሎ አታብሪ።

ካውቦይ ካላሳየሻቸው ደግሞ ይቀየሙሻል። «ዘ ጉድ፣ ዘ ባድ ኤንድ ዘ አግሊ»፣ ሰርጂዮ ሊዮኔ፣ 1966። ስለ አሜሪካ ነው፣ ግን በጣሊያናዊ የተሠራ፣ ስፔን ውስጥ የተቀረጸ። ተዋናዮቹ ሲቀረጹ እያንዳንዳቸው በየቋንቋቸው ነበር የሚናገሩት፣ ድምፁ በኋላ ነው የተለጠፈው። አፍና ቃል አልገጥም የሚለው ለዚያ ነው። ሊዮኔም ፊልሙን በቃል ላይ አልጣለውም። ከተከፈተ በኋላ የመጀመሪያው ቃል እስኪሰማ አስር ደቂቃ ገደማ ይሄዳል። በአባትሽ ልክ የተሰፋ ነው።

መጨረሻ ላይ ሦስት ሰዎች መቃብር ቦታ መሐል ክብ ላይ ይቆማሉ። ይተያያሉ። በቃ፣ ሌላ ነገር የለም። ዓይን፣ እጅ፣ ሽጉጥ፣ ዓይን። መጀመሪያ ቀስ ብሎ ይቆርጣል፣ ከዚያ ይፈጥናል፣ ከዚያ ትንፋሽ ያሳጥርሻል። አብረውኝ ለሚሠሩ ልጆች ይህችን ክፍል መጀመሪያ ድምፁን ዘግቼ አሳያቸዋለሁ። ከዚያ የኤንዮ ሞሪኮኔን ሙዚቃ እከፍትላቸዋለሁ። ፊታቸው ሲለወጥ ማየት ደስ ይለኛል። ክሊንት ኢስትውድ አክተሩ ነው ይባላል እንጂ ለእኔ የፊልሙ ባለቤት ቱኮን የሠራው ኢላይ ዋላክ ነው። ሌባ ነው፣ ውሸታም ነው፣ ግን ከሦስቱ ሰው የሚመስለው እሱ ብቻ ነው። ርዝመቱ ወደ ሦስት ሰዓት ይጠጋል። የድልድዩ ውጊያ ላይ ይንዛዛል፣ ቡናው የሚፈላው ያኔ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቴሌቪዥኑ ሁለት ነገር ጣል ላድርግ። አዲሶቹ ቴሌቪዥኖች ምስሉን «ለማለስለስ» ብለው የራሳቸውን ምስል በመሐል ይጨምራሉ። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ነው፣ ሲጨመርበት የሠፈር ድራማ ይመስላል። ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ አጥፊው። ሁለተኛ፣ የድሮ ፊልም ጠበብ ያለ ነው፣ ግራና ቀኙ ጥቁር ይሆናል። ስክሪኑን ልሙላ ብለሽ አትወጥሪው፤ ሰው ሁሉ በርሜል ያክላል። ትርጉም ፊልም ተብሎ አንድ ሰው ላዩ ላይ የሚተርክበትንም እንዳታመጪ። ቱኮ ዝም ባለበት ቦታ ተራኪው ያወራል።

የልብ አንጠልጣይ ዓይነት ካላችሁኝ «ሪር ዊንዶው» ነው። አልፍሬድ ሂችኮክ፣ 1954። ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ሁሉ ማየት ያለበት ፊልም ነው። እኔ አራተኛ ፎቅ ነኝ። ፊት ለፊት ያለው ብሎክ ማን መቼ ልብስ እንደሚያሰጣ፣ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ አውቃለሁ። እነሱም የእኔን ያውቃሉ፣ አንነጋገርበትም እንጂ።

አከፋፈቱን እዪ። ካሜራው ክፍሉን ቀስ ብሎ ይዞራል። ጄሶ የገባ እግር። የተሰባበረ ካሜራ። ግድግዳው ላይ የመኪና ውድድር አደጋ ፎቶ። ገባሽ አይደል? ፎቶ አንሺ ነው፣ አደጋ ሲያነሳ ራሱ ተጎዳ፣ አሁን ቤት ውሎ ጎረቤት ያያል። ዛሬ ይህን የሚጽፍ ሰው ሁለት ገጽ ንግግር ያስገባበት ነበር፤ «እግርህ እንዴት ነው? ያ የውድድሩ ቀን ግን...» ምናምን እያለ። ከዚያ ሰውየው ከማዶ ያለው ጎረቤቱ ሚስቱን ገድሏል ብሎ መጠርጠር ይጀምራል። እኛም ከወንበሩ ሳንነሳ አብረነው እናያለን። ግቢው፣ ፎቁ፣ መስኮቱ ሁሉ ስቱዲዮ ውስጥ የተሠራ ነው። ጄምስ ስቱዋርትና ግሬስ ኬሊ ስለ ጋብቻ የሚጨቃጨቁት ብዙ ነው፣ እንግሊዝኛ ይጠይቃል። ለአባትሽ «እሷ እንጋባ ትላለች፣ እሱ ዳር ዳር ይላል» በያቸው፣ ይበቃል።

ከዚሁ ዓይነት አጭሩ «ዱኤል» ነው። ስቲቨን ስፒልበርግ በ1971 ለቴሌቪዥን ሲሠራው 24 ዓመቱ ነበር። አንድ ሰው ቀይ የቤት መኪናውን ይነዳል፣ አንድ አሮጌ ቦቴ ይከተለዋል። አለቀ። የቦቴውን ሹፌር ፊት አናይም፣ ክንዱንና ጫማውን ብቻ። ኤፍኤስአር የጭነት መኪናን «አልቃይዳ» ብለን የሰየምን ሰዎች ነን፣ ይገባናል።

አስፈሪ ከፈለጋችሁ «ሳይኮ» አለ፣ 1960፣ ይኸው ሂችኮክ። ግሩም ነው። ግን የሚጀምረው ሆቴል ውስጥ ልብሳቸውን በከፊል ባወለቁ ፍቅረኞች ነው። አባትሽ «ውሃ ልጠጣ» ብለው ሲነሱ ይታየኛል። ከጓደኞችሽ ጋር እዪው። ገላ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ የሚፈሰው ደም የቸኮሌት ሽሮፕ ነው፤ ይህን አውቄም እፈራለሁ።

የህንድ ፊልም ስል ፊታቸውን የሚያጨማድዱ ባልደረቦች አሉኝ። አይገባኝም። ይህ ከተማ ፊልም መውደድን የተማረው ከማን ነው? «ሾሌይ»ን እዩ፣ የ1975፣ ራሜሽ ሲፒ። ድርጊት ነው፣ ኮሜዲ ነው፣ ፍቅር ነው፣ ዘፈን ነው። ከሦስት ሰዓት በላይ ስለሆነ ለሁለት ቅዳሜ ክፈሉት። ሁለት ወሮበሎች ጋባር የሚባለውን ሽፍታ እንዲይዙ ይቀጠራሉ። ጋባርን የሠራው አምጃድ ካን ሲስቅ ጀርባሽ ይቀዘቅዛል። የእስር ቤቱን ቀልድ ግን ብትዘይው ምንም አይቀርብሽም።

አንድ ቦታ ብቻ ልንገርሽ። ማታ ነው። አሚታብ ባቻን ደጅ ተቀምጦ ሃርሞኒካ ይነፋል። ከማዶ በረንዳው ላይ ነጭ የለበሰች ወጣት ባሏ የሞተባት ሴት ፋኖሶቹን አንድ በአንድ ታጠፋለች። አይነጋገሩም። የሚዋደዱ መሆናቸውን ግን አዳራሹ ሙሉ ያውቃል። ፋኖሱ ሲጠፋ ያዝናል። ስለ መጨረሻው አንድ የሙያ ሐሜት ልጨምር። ሳንሱር መጀመሪያ የተቀረጸውን መጨረሻ አስቀይሮታል። ያኔ ሲኒማ ቤት የታየው የተቀየረው ነው። ስፌቱ ለእኔ ዓይን ይታያል፣ አንቺም ከነገርኩሽ በኋላ ታዪዋለሽ።

የራሳችንን ሳልል ብቀር ነውር ነው። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»፣ የኃይሌ ገሪማ። በ1974፣ እዚህ ለውጡ እየተንከባለለ በነበረበት ወቅት፣ በጥቁርና ነጭ፣ በሁለት ሳምንት የተቀረጸ ነው። ቋንቋው አማርኛ ነውና ፈተናው አይመለከተውም ትይ ይሆናል። እኔ ግን እሱንም ድምፁን ዘግቼ አይቼዋለሁ። ባለ መሬቱ ተቀምጦ ያዛል፣ ይሳደባል። ጭሰኞቹ ከሩቅ፣ ሰፊው መሬት ላይ ነጥብ አክለው ይንቀሳቀሳሉ። ካሜራው አይጣደፍም። እውነቱን ልንገርሽ፣ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ይፈትንሻል። ተነሽና ፊትሽን ታጠቢ። አባትሽ ያን ጊዜ ጎረምሳ ነበሩ፤ ፊልሙን አስቁመው ስለዚያ ዘመን ማውራት ሊጀምሩ ይችላሉ። ከሆነ ሪሞቱን አስቀምጪው።

ፈተናዬን የሚወድቅ፣ ግን የምወደው አንድ አለ። «ትዌልቭ አንግሪ ሜን»፣ ሲድኒ ሉሜት፣ 1957። ወሬ ብቻ ነው። ድምፁን ብትዘጊ ያላባቸው አሥራ ሁለት ወንዶች ጠረጴዛ ከበው ነው የምታዪው። አሜሪካ ውስጥ ከሕዝብ የተውጣጡ ሰዎች ተከሳሹ ጥፋተኛ ነው፣ አይደለም ብለው ይወስናሉ፣ ሁሉም መስማማት አለባቸው። አሥራ አንዱ ጥፋተኛ ነው ይላሉ፣ አንዱ እንጃ ይላል። ሙግት የምንወድ ሕዝብ ስለሆንን ይመቸናል። መጀመሪያ ላይ ካሜራው ከዓይን ከፍ ብሎ በሰፊ ሌንስ ያያቸዋል። እየቆየ ዝቅ ይላል፣ ሌንሱም እየተቀየረ ግድግዳው የተጠጋቸው ይመስላል። ሳታውቂው አንገትጌሽን ትፈቺያለሽ። ይህን ብቻሽን እዪ፣ 96 ደቂቃ ነው።

የመጨረሻው «ቶኪዮ ስቶሪ» ነው። ያሱጂሮ ኦዙ፣ 1953። አባትና እናት ከሩቅ ከተማ ቶኪዮ ያሉ ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ይመጣሉ። አንዱ ልጅ ሐኪም ነው፣ ሴት ልጃቸው የፀጉር ቤት አላት። ማንም ክፉ አይደለም፣ ሁሉም ሥራ አለበት። የት እናድርሳቸው ሲሉ ገንዘብ አዋጥተው ፍል ውሃ ወዳለበት ሆቴል ይልኳቸዋል። ሆቴሉ ጫጫታ ነው፣ ሌሊቱን አይተኙም። ካሜራው ፊልሙን ሙሉ ዝቅ ብሎ ነው የሚቀመጠው፣ መሬት ላይ የተቀመጠ ሰው በሚያይበት ቁመት። አንድም ሰው አይጮህም።

እናቴ አንድ ጊዜ ከደብረ ብርሃን መጥታ እኔ ጋ ሰንብታ ነበር። በርበሬና ሽሮ ይዛ ነው የመጣችው። የማስታወቂያ ሥራ አጣድፎኝ ስለነበር ጠዋት ስወጣ ትተኛለች፣ ማታ ስገባ ተኝታለች። ጎረቤት «ቡና አጠጧት» አልኩ። በአራተኛው ቀን «ከብቶቹን ማን ያያቸዋል» ብላ ልብሷን ሸከፈች። መናኸሪያ አደረስኳት። ከብቶቹን ከሸጠች ሦስት ዓመት ሆኗት እንደነበር ትዝ ያለኝ መኪናው ከወጣ በኋላ ነው።

ፊልሙን ያየሁት ከዚያ ወዲህ ነው። ሁለቱ ሽማግሌዎች በማለዳ የባሕሩ ዳር ግንብ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው እንግዲህ ወደ ቤታችን እንመለስ ሲባባሉ አቆምኩትና ተነሳሁ። ቀሪውን የጨረስኩት በሳምንቱ ነው። አንቺ መጀመሪያ ብቻሽን እዪው። ለአባትሽ ታሳዪያቸው እንደሆነ ከዚያ ራስሽ ትወስኛለሽ።